ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ መምህራን ታሪክ ጥቂት ነገር

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ታሪክ አንድ ነገር እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ አሳባችን የመጣው የሕንፃዎችና የበዓላት ታሪክ ነበር። ሆኖም በከተማችን የሕንፃ ታሪክ አልጠፋም፤ የመሠረት ድንጋዩን ማን እንዳኖረ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተመረቀ በየግድግዳው ላይ በእብነ በረድ ተጽፎ ይነበባል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ጠመኔ ጨብጦ ዕድሜውን የፈጸመው መምህርና ማለዳ ከሁሉ በፊት መጥቶ በሩን የሚያስከፍተው ዲሬክተር ግን በእብነ በረድ ላይ አልተጻፉም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ስላስተማሩትና ትምህርት ቤት ስለ መሩት ሰዎች እንዲሆን አደረግነው።

ወሎ የመምህር ድኻ ሁኖ አያውቅም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የገዳሙ አለቃ የሚጠሩበት ማዕርግ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ከደወሉ አጠገብ ቆሞ የረፈደበትን ተማሪ በር ላይ የሚጠብቀውን የዛሬውን ዲሬክተር ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም። ለደሴ በሚቀርበው በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ያስተምሩ የነበሩት መምህር አካለ ወልድም ስማቸው በሩቅ የተሰማ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ በደሴ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። በአገራችን ትምህርት ቤት በንጉሥ፣ በልዑል ወይም በእመቤት ስም መሰየሙ የተለመደ ሲሆን በመምህር ስም የተሰየመ ማግኘት ብርቅ ነውና ይህን ሳናነሣ ማለፍ አልወደድንም።

በእስልምናም በኩል እንዲሁ ነው። በየጁ ዳና፣ በቃሉ ገታ፣ እንዲሁም ጀማ ንጉሥ የተባሉት የዕውቀት ቦታዎች ከሩቅ አገር ደረሳ የሚጎርፍባቸው ነበሩ። ደረሳው በእንጨት ሉሕ ላይ እየጻፈ ያነባል፤ የቆሎ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። የሁለቱም እንጀራ ከመንደሩ ሰው እጅ ነበር። የኔታም ሆኑ ሸሁ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሕዝቡ ከእህሉ ያካፍላቸዋል፤ ተማሪው እንጨት ይለቅምላቸዋል፤ ውሃ ይቀዳላቸዋል። በመንገድ ሲያልፉም ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸዋል። ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። መምህር የመንግሥት ደመወዝተኛ በሆነ ጊዜ ከመንደሩ ሰው ጉርሻ ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን ያው መንደር የኔ መምህር ብሎ የሚጠራው ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ በደብዳቤ መጥቶ በደብዳቤ የሚሄድ እንግዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው የመምህራን ታሪክ በብዙው የዚህ ትርፍና ኪሣራ ታሪክ ይመስለናል።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከዚያም ዘመናዊው ትምህርት ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች መድረስ ጀመረ። ነገር ግን ገና ሥር ሳይሰድ የኢጣልያ ጦር መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ነበሩ፤ የአድቬንቲስት ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ከወረራው በፊት ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ፣ ይልቁንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ ተለቅመው አለቁ። እንግዲህ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደሴ ነጻ በወጣች ጊዜ ትምህርት ቤት ለመክፈት ያስቸገረው ቤት ማግኘቱ ሳይሆን መምህር ማግኘቱ ነበር።

ኢጣልያ ትቶት የሄደ አንድ ነገር ግን ነበር፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድና ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት በኮምቦልቻ ስለ ሆነ፣ ቆላማዋ ኮምቦልቻ የመኪናና የነጋዴ ከተማ ሁና አደገች። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከጦሳ ተራራ ሥር በጉም ተሸፍና ስትውል፣ ኮምቦልቻ ከሐረጎ ዳገት ታች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፀሓይ ትሞቃለች። በሁለቱ ከተሞች ያስተማረ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም። በደሴ የክረምት ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድብ ድምፅ ስለማይሰማ መምህሩ መናገሩን ትቶ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ በኮምቦልቻ ደግሞ ከቀትር በኋላ ያው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላልና ተማሪው ያንቀላፋል።

ከነጻነት በኋላ የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር መምህር ከየትም እየፈለገ ማምጣት ግድ ሆነበት። በታችኛው ክፍል ራሱ ጥቂት ክፍል ብቻ የተማረ ወጣት ያስተምራል፤ በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዞች፣ ሕንዶችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ያስተምራሉ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ከ250 ሰው ይበልጥ ነበር፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ለአንደኛ ደረጃ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን መምህራን በሐረር፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ማሠልጠኛዎች እየሠለጠኑ ይወጡ ጀመር። እስከ 1956 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በአንደኛ ደረጃም የላይኞቹ ክፍሎች ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበርና፣ የሐይቅ ዳር ገበሬ ልጅ ስለ አገሩ ሐይቅ በባዕድ ቋንቋ ይማር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ሆነ፤ ሆኖም ሰባተኛ ክፍል ሲገባ በድንገት ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ መምህሩም ሒሳብ ከማስተማሩ በፊት ቋንቋ ማስተማር ይኖርበታል።

የዲሬክተሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በዚያን ዘመን የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ትልቅ ሰው ነበር፤ ከመኳንንቱ ጋር በአንድ ድንኳን ይቀመጣል፤ በበዓል ቀን ተማሪዎቹን አሰልፎ ይወጣል። ነገር ግን ሦስት ጌታ አለበት፤ ሚኒስቴሩ ከአዲስ አበባ ሰርኩላር ይልክበታል፤ የአገረ ገዥው ቢሮ ከዚሁ ያዝዘዋል፤ ወላጅ ደግሞ ልጄ ለምን ወደቀ ብሎ በር ላይ ይቆምበታል። በወሎ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በግድ ሃይማኖት የማስለወጥ ነገር እንደ ነበረ የአገሩ ሽማግሌ ስለማይረሳ፣ ብዙ ሙስሊም ወላጆች ልጃቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለመላክ ያመነቱ ነበር። እነዚህን ወላጆች አሳምኖ ልጃቸውን የተረከበው ሚኒስቴሩ አይደለም፤ የሰፈሩ መምህርና ዲሬክተር ነው።

ስለ ደሴ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ወይዘሮ ስሂንን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ስም ነው። ከሰሜን ወሎ እስከ ወረኢሉ ካለው አገር ጎበዝ ተማሪ ወደዚያ ይመጣ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደነገግ፣ ከተማሪዎቻቸው በዕድሜ እምብዛም የማይበልጡ ወጣቶች ወደ ክልሉ ትምህርት ቤቶች መጡ፤ የአዲስ አበባንም ክርክር አብረው አመጡ። በወይዘሮ ስሂን የተማረው ዋለልኝ መኰንንም በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አሳቡን የሚወድም የማይወድም አለ፤ እኛ እዚህ የምንለው ከደሴ ክፍሎች አገር የሚያነጋግር ሰው መውጣቱን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ነገር ከሁሉ የከበደን ነው። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ በወሎ ረኃብ ገባ። ገበሬው ከብቱን ከጨረሰ በኋላ በዋናው መንገድ ዳር ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ይጎርፍ ጀመር። መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ዝም ሲል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው። እስቲ በዚያን ዓመት በደሴ ጂኦግራፊ የሚያስተምረውን መምህር እናስብ። በመጽሐፉ ላይ የኢትዮጵያ የእህል ምርት በሰንጠረዥ ተጽፏል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ደግሞ የራበው ሰው ተቀምጧል። ሰንጠረዡን ያስተምር ወይስ አጥሩን? መንግሥት ነገሩን አትናገሩ በሚልበት ጊዜ የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነው መምህር የቱን መረጠ? ታሪክ በብዙ መጽሐፍ የሚነግረን ሚኒስትሮች ያደረጉትን ነው፤ እኛ ግን ይህን ጥያቄ ከሚኒስትሮቹ ይልቅ ለመምህሩ ማቅረብ እንወዳለን፤ ምክንያቱም ከዚያ ዓመት በኋላ መምህራን ዝም አላሉም።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተጠራው የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው አዲስ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ብዙው ሕዝብ በተለይም የገጠሩ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ ያሰበ ነበር፤ ወላጆችና መምህራን ግን የድኻ ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቁም ማለት ነው ብለው ተረጐሙት። የተንታኞች ወገን ዛሬ ዕቅዱ መልካም አሳብም ነበረበት ይላል፤ ይህ ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሳቡ ለመምህሩ ሳይነገር በላይ ተዘጋጅቶ ወደ ታች የወረደ ነበር፤ መምህር ያልተማከረበት የትምህርት ዕቅድ ምን እንደሚገጥመው በዚያው ወር ታየ። መንግሥት ዕቅዱን አቆየው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሳይቆይ መንግሥቱ ራሱ ወደቀ።

በደርግ ዘመን የመጣውን በአጭሩ እናልፋለን። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር በደሴና በኮምቦልቻም ከተማሪውም ከመምህሩም ብዙ ሰው ሞተ፤ ስለዚህ ነገር ወላጆቻችንን ስንጠይቅ አሁንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱልናል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በወሎ ገጠር ብዙ እናቶችን ስማቸውን እንዲጽፉ አስችሏል፤ በዩኔስኮም ዘንድ ተሸልሟል። በየዛፉ ሥር በማታ ፋኖስ ይዞ ያስተማረው ያው የቀኑ መምህር ነበር።

በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚህ ዘመን የትምህርት ቤቱም የተማሪውም ቍጥር ከቀድሞው ጋር በማይነጻጸር ሁኔታ በዛ፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። አያቶቻችን ባልተማሩበት ቀበሌ ዛሬ ትምህርት ቤት አለ። ነገር ግን ሕግ ለአንድ ክፍል በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ሲል ክፍሉ ራሱ ሕጉን አልሰማም። ቤቱ አልበቃ ስላለ አንዱ ፈረቃ ጧት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ ይማራል። መምህሩ የዚያን ሁሉ ተማሪ ደብተር ቢያርም ምን ያህል ሌሊት እንደሚፈጅበት ማስላቱን ለሒሳብ ክፍላችን እንተወዋለን።

ከዚህ ዘመን ነገር ሁሉ ለእኛ ለወጣቶቹ የሚያስደንቀን የፕላዝማው ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱም በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ሲሆን ለመምህሩ የሚቀረው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም፤ ተማሪው ገባህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የተማሩ ታላላቅ ወንድሞቻችን እንደሚያወሩት፣ መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ቴሌቪዥኑን አብሯቸው ያይ ነበር። እርግጥ ነው፤ መልካም ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት በስዕል ማየቱ ጠቅሞታል። ሆኖም ዓመታት ተምሮ የመጣን ሰው የማብሪያና የማጥፊያ ጠባቂ ማድረግ ምን ዓይነት አሳብ እንደ ነበረ ለመረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረናል። አያቶቻችን መምህራቸውን የኔታ፣ ወላጆቻችን ጋሼ፣ እኛ ደግሞ ቲቸር እንላለን፤ ያ ቴሌቪዥን ግን ምን ይባል ነበር?

እኛ ራሳችን ብዙዎቻችን እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነን። በዚያ ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ጥቂት፣ መጽሐፉ ለየአንዳንዱ ነበር። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሰነፍ ነው ሲባል ስንሰማ እንስቅ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ግን የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲሬክተር የአንድ ዓርብ ቀን ውሏቸውን በፈቃዳቸው ተከትለን አየን፤ ያየነውንም እንደሚከተለው እንጽፋለን።

ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ ዘበኛው የውሃው ሮቶ ባዶ መሆኑን ነገራቸው። ሁለት መምህራን አልመጡም፤ አንዱ ለቅሶ ሄዷል፤ ሁለተኛዋ ወልዳለች፤ በምትኳ የሚመጣ ሰው ገና አልተላከም። ስለዚህ ምክትላቸው አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ደባለቁ፤ አንዳንዱ ወንበር ላይ አራት ሰው ተቀመጠ። በ3 ሰዓት ከበላይ ቢሮ ስልክ ተደወለ፤ ያልመጡ ተማሪዎች ቍጥር በፆታ ተለይቶ እስከ ቀትር ይላክ ተባለ። ያንን ሲጽፉ አንዲት እናት ካርድ የጠፋበትን ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ቀጥሎ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ለማስወጣት መልቀቂያ ጠየቁ። ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አክስቷ ካሉበት ከዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ዲሬክተሩ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገሯቸው። አባትየው በጨዋነት ሰሙ፤ በመጨረሻ ግን እርስዎ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርስዎ መምህራን ተምረው ምን አገኙ ብለው ጠየቁ። ዲሬክተሩ መልቀቂያውን ወዲያው አልፈረሙም፤ ሰኞ ከልጅቱ ጋር ይምጡ አሏቸው።

ዓርብ ስለ ሆነ የቀትሩ ዕረፍት ለጁምዓ ሶላት ረዘም ይላል፤ የጧቱ ፈረቃ ቀደም ብሎ ይለቀቃል፤ የከሰዓቱ ዘግይቶ ይገባል። ይህን ሰዓት ማስተካከል ራሱ ጥበብ ነው፤ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ወር ሲገጥሙ ደግሞ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ተማሪ ሆድ ባዶ ሁኖ ስለሚውል ስፖርት ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል። በ9 ሰዓት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባ ነበር፤ ጉዳዩ ስለ ተሰበሩ ወንበሮች ነው። አንዱ ወላጅ እንጨት ሠሪ ናቸውና እጄን እሰጣለሁ፤ ሚስማር ግዙልኝ አሉ። ሚስማር የሚገዛበት ገንዘብ ግን በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚወጣ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ዲሬክተሩ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ተመድቦላቸዋል፤ የዚያን ቀኑን ግን ማስተማር አልቻሉም። ሲመሽ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጧት ጽፈውት የነበረውን አንድ ቀመር በዳስተር ሲያጠፉ አየናቸው።

የኮምቦልቻ መምህር ተማሪው የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት አለው። በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቁ፤ ፋብሪካ ለከተማው እንጀራ ነውና የሚጠላው የለም። ነገር ግን አሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ጓደኛዋ ደመወዝ ስትቀበል እያየች ስለ አልጀብራ ማሰብ ይከብዳታል። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. የአጎአን ዕድል ከኢትዮጵያ ላይ ስታነሣ የልብስ ፋብሪካዎች ገበያ ተናጋ፤ ትምህርቷን ትታ የሄደች ልጅ ግን ፋብሪካው ሲቀዘቅዝ ወደ ክፍሏ መመለስ ያፍራታል። ያችን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ ነይ የሚላት መምህር ካልሆነ ሌላ ማን ነው?

ወደ መጨረሻው ደረስን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ተከፍተው ብዙ ሳይቆይ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎና ከዋግ የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ደሴ ሲጎርፍ የተጠለለው በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ትምህርት እንደ ተጻፈ፣ ከሥሩ እናቶች ልጆቻቸውን አስተኙ። መምህራንም ስም መዝጋቢ፣ ብርድ ልብስ አዳይ ሆኑ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሳምንታት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ኅዳር 27 ቀን ተመለሱ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ከደበደቡበት ቀን በወርና በቀን ስንቈጥረው የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ መሆኑ ያስገርማል። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን የከተማችን ተማሪዎች በየመንገዱና በየገጠሩ ነበሩ፤ በኋላ በሌላ ዙር ተፈተኑ።

የተመለሱት መምህራን ያገኙት ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ የተወሰደበት፣ ወንበሩ ማገዶ የሆነበት፣ በሪከርድ ቢሮ ወረቀቱ መሬት ላይ የተበተነበት ትምህርት ቤት ነው። ወንበር በእርዳታ ይመጣል። የተማሪ ውጤት የተጻፈበት ሮስተር ከተቃጠለ ግን ማንም አገር አይረዳም፤ የአንድ ሰው የአሥር ዓመት ድካም በዚያ ወረቀት ላይ ነው። መምህራን የግል ደብተራቸውን፣ ተማሪው በቤቱ ያስቀመጠውን ካርድ እያሰባሰቡ ብዙውን መልሰው ጻፉት። ስለዚህ ሥራ ሜዳይ አልተሰጠም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከመላ አገሪቱ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ መምህራንን ወቀሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በገጠር ያሉ መምህራንም ማስተማርም አለማስተማርም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ላይ ደርሰዋል።

በዚህ ዓመት የክፍል ኃላፊያችን መምህር መሆን የሚፈልግ እጁን ያንሣ ብለው ጠየቁን። ከ46 ተማሪዎች ሦስት እጅ ተነሣ፤ ከሦስቱ አንዱ ለቀልድ መሆኑን በኋላ ነገረን። ሌሎቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ እንሆናለን አልን። የቀሩት ሁለቱ ለምን እንደ መረጡ ስንጠይቃቸው አንዷ እናቷ መምህርት ስለ ሆነች ቤቱን ታውቀዋለች። ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. በኮምቦልቻ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ነው። እርሱ እንዳለን፣ ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት በተከፈተበት ቀን ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የስም መጥሪያውም ተቃጥሏል። መምህራቸው ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ከዚያም የሁሉንም ስም ከነአባታቸው፣ በፊደል ተራው፣ በቃላቸው ጠሩ፤ ያልተመለሱትንም ጭምር።